የሦስተኛ ፎቋ ማድሟዜል

ይድረስ ለእናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ ገና ሳይገባ መቆርጠም እንደሚጀምርሽ ስለማውቅ ነው ይህን ማስቀደሜ። የግፊት መድኃኒትሽንስ አላቋረጥሽም? ምግብ ይበላልሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሿ ብቻ «አያቴ ለምን በሯን አትከፍትም?» እያለች ነገር አብዝታብኛለች። «ተኝታ ይሆናል» እላታለሁ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። አሥራ አንድ ቀን የሚተኛ ሰው እንደሌለ የስድስት ዓመት ልጅም ታውቃለች።

ከእኔ ደጅ እስከ አንቺ ደጅ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ለሩብ ሰዓት መንገድ ቴምብር መለጠፍ የሞኝ ሥራ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ሳንኳኳ ዝም ትያለሽ፤ ስደውል ታነሺና ትንፋሽሽን አሰምተሽኝ ትዘጊያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩ።

እባክሽ ይህን ወረቀት ይዘሽ ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳትሄጂ። «ዓይኔ አያይልኝም፣ አንብቡልኝ» ብለሽ ለመነኮሳቱ እንዳትሰጪ። ለእኔም መልሰሽ እንዳታመጪልኝ፤ እስከ ዛሬ ያነበብኩልሽ ይበቃል። ወንበርሽን ወደ መስኮቱ አስጠጊና ራስሽ ክፈቺው። በእኛ በካምቦዲያውያን ፊደል የጻፍኩት ሆነ ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየጎተትሽ ወስደሽ ከመነኮሳቱ ዘንድ ያስቆጠርሽኝ ፊደል ነው፤ ከሆሄው ሥር የሚንጠለጠሉትን ምልክቶች ዛሬም አሳስታቸዋለሁ። ስህተቱን ስታዪ እጅሽ ቀይ እስክሪብቶ ቢያምረው አልፈርድብሽም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ የምታውቂው በስብሰባው ዕለት ከአዳራሹ እስከወጣሽበት ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ወይዘሪት ሃርፐር የምትባለውን አጥኚ አይተሻታል፤ ያቺ ረዥሟ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ በሽተኛ እንደምትጠይቅ ሰው የምታዳምጠው። ከሁለት ወር በፊት አስተርጓሚ ፈልጋ የምሠራበት ክሊኒክ ድረስ መጣች። ስለ ጥናቷ ስታስረዳኝ፣ «ካምቦዲያውያኑና ሩሲያውያኑ ወደዚህ ወደ ሊን ከተማ የገቡት በጥቂት ዓመታት ልዩነት ነው። ሁለቱም ስደተኛ፣ ሁለቱም ቋንቋ የማያውቁ። ዛሬ የሩሲያውያኑ ልጆች ባሕር ዳር ቤት ገዝተዋል፤ የእናንተዎቹ ግን በወረዱበት ሰፈር እንደተቀመጡ ናቸው። ለምን?» አለችኝ።

ሁለት በሬ ጎን ለጎን አቁሞ የትኛው ይሰባል እንደሚል የከብት ነጋዴ ነው ያወራችው። «ይህን ለማወቅ ወረቀት ምን አስፈጀሽ፣ እኔ ልንገርሽ» ልላት ነበር። አላልኩም። ሥራውን ተቀበልኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም ወገን እኩል ስለምንቅ ከእኔ የተሻለ ዳኛ ከየት ይገኛል ብዬ።

ሩሲያኖቹን ስንቃቸው እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። እኛ በላስቲክ ነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ወረድን። እነሱ ሲመጡ አጎታቸው አበባ ይዞ አውሮፕላን ጣቢያ ጠበቃቸው፤ ማኅበራቸው አልጋ አንጥፎ፣ ማቀዝቀዣ ሞልቶ አስገባቸው። ዲፕሎማቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ብርጭቋቸውን በካልሲ ወትፈው መጡ። ግማሾቹ ሩሲያን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ከጎሜልና ከኪየቭ የመጡ አይሁዶች ናቸው፤ ከተማው ሩሲያኖች ብሏቸው ቀረ እንጂ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ልጆቻቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከአንቺ ጋር በአንድ የአረጋውያን ሕንፃ ቤት ተሰጣቸውና፣ የጸጉር ካፖርታቸውን ደርበው ለነጻ ወተት ተሰለፉ። ተሰልፈውም ወተቱን ያማሉ። የተማረ ሰው ጣጣው ይኼ ነው፤ ሲሰጡት እንኳ እርማት ያወጣል።

የአንደኛ ፎቁን ዚኖቪን ተመልከቺ። ድኒፐር ወንዝ ላይ ድልድይ የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ ድልድዩም በየሳምንቱ ይረዝማል። ዛሬ መንገድ ተሻግሮ ፋርማሲ ለመግባት የሰው ክንድ ይፈልጋል። ክንዱን የሚሰጠው በሰዓት የሚከፈለው የእኛ ሰው ነው፤ እሱኑ «ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ገበሬ!» ይለዋል።

የእኛዎቹስ? እጅ ነስተን እጅ ነስተን ወገባችን እዚያው ቀርቷል። ሴቶቹ ልብስ ሲሰፉ፣ ዓሣ ሲበልቱ፣ በአጉሊ መነጽር ሽቦ ሲበይዱ ዓይናቸው አለቀ። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ፎቅ ታጭቆ ይኖርና የሠርግ ቀን ግን ለቤት መግዣ የሚበቃ ወርቅ አንገት ላይ ተሰቅሎ ይጨፍራል። ወርቁን የሚሸጥልን ኪምሌንግ ነው፤ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀ መንበርም እሱ፣ ስለ ሕዝባችን ተናገሩ ሲባል የሚነሣውም እሱ። ለወይዘሪት ሃርፐር፣ ሆዱን ቀበቶው ላይ አሳርፎ፣ «የሕዝባችን ችግር ስንፍና ነው» አላት። በቀን ሁለት ፈረቃ የሚሠሩትን ሴቶች ሰነፍ ሲላቸው ቃል በቃል ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። እናቶቹ ፈረቃ ላይ ሳሉ ልጆቹን ጎዳና አሳደጋቸው፤ ገሚሱ እስር ቤት ገባ፣ ገሚሱ ወደማያውቀው የአባቱ አገር ተጠረዘ። ኪምሌንግ ለእነሱም ቃል አላጣም፤ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» አለ።

ግን ከዚህ ሁሉ ሰው በላይ የምንቀው ማንን እንደነበር ልናዘዝልሽ። አንቺን ነበር።

ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ከክፍል እያስወጣሽ የእርዳታ ቢሮ፣ የቤት አከራይ፣ የመብራት መሥሪያ ቤት ስትወስጂኝ፣ እየሰገድሽ ከኋላዬ ስትቆሚ፣ «ይህቺ ሴት አንዲት ፊደል እንኳ ቢገባት ምን ነበረበት?» እያልኩ ጥርሴን እነክስ ነበር። ሆስፒታሉን ታስታውሺያለሽ? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ ማሕፀንሽ መውጣት አለበት ሲል፣ ቃሉን በእኛ ቋንቋ ስላላወቅሁት «ልጅ የሚያድርበትን ቦርሳ ሊያወጡት ነው» አልኩሽ። «ስንት ጊዜ ወልዳለች?» ብሎ ሲጠይቅ ወደ አንቺ እንኳ ሳልዞር «አንዴ፣ እኔን» አልኩት። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ አንቺን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። አንቺም በአውራ ጣትሽ ፈረምሽ። በዚያ ቀን የተናደድኩት በበሽታሽ ሳይሆን በአውራ ጣትሽ ነው። ነርሷ ቀለሙን ስትጠርግልሽ አፍሬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እንግዲህ በስብሰባው ያን ዜሮ የሰጠችሽ ያቺው ልጅ ናት።

አዳራሹ ውስጥ ሩሲያኖቹ በመስኮቱ በኩል፣ የእኛ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ለመሸሽ እንዲመች በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። ወይዘሪት ሃርፐር ስለ ትምህርት እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። ዚኖቪ አሥራ ሰባት ዓመት አለ፤ መዋዕለ ሕፃናቱንም ሳይቆጥር አልቀረም። ያቺ ጣውላ የምታህል ሴት፣ ከአንቺ ቤት በላይ ያለችው የአራተኛ ፎቋ ሪማ ልቮቭና፣ ሚንስክ ዩኒቨርሲቲ መማሯንና ሠላሳ አንድ ዓመት ፈረንሳይኛ ማስተማሯን ተናገረች። ኪምሌንግ «የሕይወት ትምህርት» ብሎ በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ተራው የአንቺ ሆነ። «እርስዎስ፣ ስንት ዓመት ተምረዋል?» ስትል አላስተረጎምኩልሽም። «ዜሮ» አልኩ።

ዚኖቪ ጣቱን ቀስሮ ተነሣ። «ይኸው! ጥናትሽ አለቀ፣ ልጄ። ልዩነቱ ይኼ ነው። እኛም ባዶ እጃችንን መጣን፤ ባዶ ጭንቅላት ይዘን ግን አልመጣንም» አለ። ሰዎች ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ እማዬ። ይህን እንዳየሽ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልደብቅሽም።

ያን ጊዜ ሪማ ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «አንተ ዝም በል፣ ጅል!» አለችው። ወደ አንቺ ዞራም በማላውቀው ቋንቋ፣ «ማድሟዜል!» ብላ ጀምራ እንደ ዱላ የሚያርፍ ንግግር አወረደችብሽ። አንቺ ተነሣሽ። ቀጥ ብለሽ ቆምሽ፤ እንደዚያ ቆመሽ አይቼሽ አላውቅም። በዚያው ቋንቋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጥቂት ቃል መለስሽላትና ወጣሽ።

ኪምሌንግ ክንዴን ይዞ «ምን አለች? ምን አለች?» አለኝ። እናቴ የተናገረችውን ስጠየቅ ሳላውቅ የቀረሁት በዕድሜዬ ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሪማ ቤት ሄድኩ። ልሳደብ ነበር የሄድኩት። ቤቷ መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ጨው የበላ ዓሣ በሽንኩርት ተቀምጧል። በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ግቢ፣ ዜሮ» አለችኝ።

«እናቴን ሰው ፊት ለምን ያዋርዷታል?» አልኳት።

«እኔ ነኝ ያዋረድኳት? ፊቷን እንኳ ሳታዪ ቁጥር የለጠፍሽባት አንቺ አይደለሽም?»

«እናቴ አልተማረችም። አለመማር ነውር አይደለም።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወንበር በእግሯ ገፍታልኝ፣ «ተቀመጪ፤ ቆመሽ የምትሸከሚው አይደለም» አለች። ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የምታደርጉትን ነገረችኝ። መጀመሪያ የወረደችው ስለ ፕራሆክሽ ልትጮህብሽ ነበር አሉ። «ያን የገማ ዓሣችሁን ስትቀቅዪ የእኔ መጋረጃ ሳይቀር ይሸታል ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ፣ በሩሲያኛ ጮህኩ፤ ቀና አላለችም። ሲደክመኝ በፈረንሳይኛ ለራሴ ተሳደብኩ። እሷ አንሶላዋን እያጠፈች፣ በዚያው ቋንቋ፣ 'የእርስዎም ዓሣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ አይልም፣ እመቤቴ' አለችኝ። ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ግሱ ቦታውን ይዞ የተሰደብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»

የገፋችልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«የድሮ ካርታ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው» አለች ሪማ። «ዚኖቪ ድልድይ ሠራሁበት የሚለው ከተማ ወንዙ በአጠገቡም እንደማያልፍ የነገረችኝ እሷ ናት። ፈረንሳይኛና ጂኦግራፊ ነበር የምታስተምረው፤ ካምፖንግ ቻም፣ የሴቶች ትምህርት ቤት። ያን ከተማ ጥቁር ለባሾቹ ታጣቂዎች ነዋሪውን አባርረው ባዶ እስካደረጉት ቀን ድረስ። ወንዝ ዳር ላላገቡ መምህራት የተሠራ ቤት ነበረን ትላለች፤ በረንዳው ላይ ደብተር ያርሙ ነበር አሉ። እኔ መጀመሪያ ማዳም ብዬ ስጠራት፣ 'ማድሟዜል' ብላ አረመችኝ።»

«ማድሟዜል ምን ማለት ነው?»

«ባል ያላገባች ማለት ነው፤ ወይዘሪት።»

«አባቴ የበሬ ጋሪ ነጂ ነበር» አልኳት፤ ለምን ይህን እንዳልኩ እንጃ።

ሪማ አፈጠጠችብኝ። ሻይ ልትቀዳ ተነሣች፤ ቀድታም ረስታው ቆመች። «ከልጅሽ ለምን ትደብቂያለሽ ብዬ ብዙ ጊዜ ተጣልቻታለሁ» አለችኝ። «'ያነበብኩ ዕለት የልጄ እናት መሆኔ ይቀራል' አለችኝ። ኩራት መስሎኝ ሰደብኳት። አሁን ግን አንቺን ሳይሽ...» አለችና አቋረጠች። የቀረውን አልጠየቅኋትም። ስወጣ በሩ ላይ ትከሻዬን ይዛ፣ «እሷ ላንቺ ብላ ደንቆሮ ሆነች፤ አንቺ ግን በነጻ ነሽ» አለችኝ። ሩሲያኖች ምርቃታቸውም እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ደረጃውን ስወርድ ከትምህርት ቤት ስለ መቅረቴ የመጣውን ደብዳቤ አስታወስኩ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። «ልጅዎ ሦስት ሳምንት ክፍል አልገባችም» የሚለውን፣ «ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ አነበብኩልሽ። አንቺም ደስ አለኝ ብለሽ ዶሮ ገዝተሽ ሾርባ ሠራሽልኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረስሽኝና በረዶ ላይ እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥሽ። እንደዚያው ሁለት ወር። «ደስታዬ ነው» ትይኝ ነበር። እኔ ሞኝ ናት ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ስስቅብሽ ኖርኩ።

ስፌት ቤቱስ? አሠሪሽ በየሳምንቱ ሰዓትሽን ሲያጎድል እያየሽ፣ እያነበብሽ፣ በአውራ ጣትሽ ፈረምሽለት። የምረቃዬ ቀን ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቼ «ይህ ሁሉ ሳትማር ላስተማረችኝ እናቴ ነው» ስል አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ኪምሌንግ ሳይቀር መሐረብ አወጣ። አንቺ ብቻ አላለቀስሽም፤ ጉልበትሽ ላይ ያለውን የፕሮግራም ወረቀት ትመለከቺ ነበር። ለካስ ስሜ በትክክል መጻፉን እያየሽ ነው! ያን ዕለት በልብሽ ምን ብለሽኝ ይሆን?

ንዴቱ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ዓመታቱን ማሰብ ጀመርኩ።

በስደተኛ ወረቀትሽ መሠረት እኔ ባታምባንግ ገበያ ውስጥ ተወለድኩ። «በአንድ እጄ ቅጠል እየመዘንኩ በሌላው አንቺን አጠባ ነበር» ትይኝ ነበር። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ብዙ ጊዜ አስደግሜሻለሁ። ባታምባንግና ካምፖንግ ቻም ግን የአገሩ ሁለት ጫፍ ናቸው፤ ለጂኦግራፊ አስተማሪ ይህን አልነግርም። እኔ በተወለድኩበት ዓመት ወንዝ ዳር፣ ላላገቡ መምህራት በተሠራ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ሴት ደብተር ታርም ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሕፃን ልቅሶ አይሰማም።

ከልጅነቴ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ጀርባ ነው። አዝሎኝ የሚሄድ፣ የሚያስል፣ በሳለ ቁጥር እኔንም የሚያርገፈግፈኝ። ቀጥሎ ትዝ የሚለኝ ሌላ ጀርባ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማያስል። በመሃላቸው ያለውን አላስታውስም። በጥቁር ለባሾቹ ዘመን መነጽር ያደረገ፣ እጁ የለሰለሰ፣ አስተማሪ የተባለ ሁሉ ይታረድ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ፊደል የማያውቅ ቅጠል ሻጭ ደግሞ፣ ልጅ ያዘለ ከሆነ፣ ሊታለፍ ይችል ነበር። ጥያቄ አልጠይቅሽም። እንድትመልሺልኝም አይደለም ይህን መጻፌ። እኔ የማውቀው ያዘለኝን ነው፤ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ምስክር ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ወይዘሪት ሃርፐር ደወለች። የሪማን ጩኸት ሰምታ፣ ነገሩ ሲከነክናት ሰንብቷል። «እናትሽ የተማሩ ናቸው የሚል ነገር ደርሶኛል። ከሆነ ለጥናቴ ትልቅ ነገር ነው፤ ቅጹን ላርመው? ምናልባት የስደተኛ መዝገባቸውንም ማስተካከል...» አለች። አንገቷን በስልክም ዘመም እንዳደረገችው ታወቀኝ። መዝገብ የሚለውን ቃል ስሰማ ከዚህ አገር የተጠረዙት ሁሉ ዓይኔ ላይ ተሰለፉ።

«ዜሮ ነው» አልኳት። «እንዳትነኪው።»

«ግን ሩሲያዊቷ ሴትዮ...»

«ሩሲያኖች ያወራሉ» አልኳት። «ስለ ዚኖቪ ድልድይ አልሰማሽም?»

ሳቀች፤ አለቀ። ንቀት ለአንድ ቀን እንኳ ከጠቀመኝ ያን ዕለት ነው። ሪማም ብትሆን ስነግራት፣ «እሺ፣ አርጅቼ ቀባጠርኩ በያት፤ በእኔ ዕድሜ ያምራል» አለችኝ። ከሩሲያኖቹ ሁሉ እሷን መናቅ ትቻለሁ፤ ለሌሎቹ ገና ቃል አልገባሁም።

ጥናቱ ሲታተም ካምቦዲያውያን ያልተማሩ ገበሬዎች ስለነበሩ ኋላ ቀሩ፣ ሩሲያውያን የተማሩ ስለነበሩ ቀደሙ ይላል። ይበል። ፊደል የቆጠሩትን ገደሏቸው፤ የተረፉትም አልቆጠርንም ብለው ተረፉ። አልቆጠርንም ያለ ሰው ደግሞ ስፌት ቤት እንጂ ሌላ የት ይቀጠራል? ይህ የሚሞላበት ቦታ ቅጿ ላይ የለም፤ እኔም ከኅዳጉ ላይ ልጽፍላት አልፈለግሁም።

ዜሮውን የተውኩት ግን በፍርሃት ብቻ እንዳይመስልሽ። ቅጹ ላይ ባለው ስም ትክክል ነው። የዚያ ስም ባለቤት፣ ያቺ እያሳለች ያዘለችኝ፣ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቅጠል መዘነች፣ ልጅ አጠባች፣ አለቀ። በእሷ ስም ዲፕሎማ ብሞላ መዋሸት ይሆንብኛል።

አሁን የምለምንሽን ልለምንሽ። የሙታኖቻችን ተዝካር ፕቹም በን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በየዓመቱ ጎህ ሲቀድ ቤተ መቅደሱን ስንዞር መነኩሴው የሙታኑን ስም ያነብባል። አንቺ የአያቶቼን ስም፣ የጋሪ ነጂውን ስም ታስጠሪያለሽ። ከዚያ አንዲት ጭብጥ ሩዝ ለብቻዋ ከግንቡ ጥግ ታስቀምጫለሽ፤ ለእሷ ስም አታስጠሪም። ልጅ ሆኜ «የማን ናት?» ስልሽ «መንገድ ላይ ለቀረች» ብለሽኝ አለፍሽ። ስም የሌለው ሙት ሩዙ እንደማይደርሰው መነኮሳቱ ሲያስተምሩ አብረን ሰምተናል። ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ እንግዲህ ምን ያህል ርቧት ይሆን?

ዘንድሮ ያችን ጭብጥ ሩዝ እኔ ልያዝ። ከፈለግሽ ከጎኔ ቁሚ፤ ካልፈለግሽ በሩቁ። በሩን ለእኔ ባትከፍቺ እንኳ ለትንሿ ክፈቺላት፤ የሒሳብ የቤት ሥራዋ እኔን አልፎኛል።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ ብዙ የሚነበብ አለ። ሪማንም፣ ምላሷን ሳይቀንስባት፣ ዕድሜ ይስጥልሽ። እኔን ያዘልሽበት ወገብ ሳይጎብጥ ያቆይልኝ።

የዚያችን ሴት ስም መነኩሴው አያውቀውም፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን በየቅጹ ላይ ስሞላው ኖሬያለሁ። በዚያ ጠዋት ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራዋለሁ። ስትሰሚው አትደንግጪ፣ እማዬ፤ የምጠራው አንቺን አይደለም።

ልጅሽ